ሳሎን የተሰቀለው የጉሮ ጭምብል፦ ትርጉሙ፣ ዕድሜውና የእናትዎ ሥጋት

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ ለሥራ ወደ አይቮሪ ኮስቷ ከተማ አቢጃን ሄዶ ሲመለስ የሴት ፊት ያለው፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የተቀባ የእንጨት ጭምብል ይዞልኝ መጣ። ከግንባሩ በላይ እባብ በመንቁሯ የያዘች ወፍ ተቀርጻለች። ሻጩ የጉሮ ሕዝብ ሥራ ነው፣ በጣም የቆየ ነው ብሎታል። ሳሎን ሰቀልነው። እናቴ ግን ባዩት ቁጥር ያማትባሉ፤ ጣዖት ነው፣ ከቤት አውጡት ይሉኛል። ትርጉሙ ምንድን ነው? እውነት የቆየ ነው? እናቴስ ልክ ናቸው?»

ምላሽ፦ ባጭሩ ልመልስና ዝርዝሩን ልቀጥል። በገለጻዎ መሠረት እጅዎ የገባው ጭምብል ዛውሊ ወይም ፍላሊ ከሚባሉት የጭፈራ ጭምብሎች አንዱ ነው። ፊቱ የቆንጆ ወጣት ሴት ፊት ነው፤ በአብዛኛው የሚወጣው ለደስታ፣ ለውድድርና ለክብር እንግዳ ነው። በጣም የቆየ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። የእናትዎ ጥንቃቄ ግን መሠረት የለውም ብዬ አላጣጥለውም፤ ጉሮዎች መሥዋዕት የሚቀርብላቸው ጭምብሎችም አሏቸውና። ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉሮዎች የሚኖሩት በአይቮሪ ኮስት መካከለኛ ምዕራብ፣ በባንዳማ ወንዝና በገባሩ በማራሁዌ አካባቢ ነው። ቡዋፍሌ፣ ዙዌኑላ፣ ሲንፍራ፣ ቫቩዋ፣ ኡሜ ዋና ዋና ከተሞቻቸው ናቸው። ወደ ደቡብ ደኑ ይጠነክራል፤ ወደ ሰሜን ዙዌኑላ ዘንድ ሣር በዝቶበት ይገላለጣል። ራሳቸውን ክዌኒ ይላሉ። በምሥራቅ ባውሌዎች፣ በምዕራብ ቤቴዎች ይዋሰኗቸዋል። አርሶ አደር፣ አዳኝና ሸማኔ ናቸው፤ የሚታኘከው የኮላ ፍሬያቸውም ከጥንት ጀምሮ ወደ ሰሜን ገበያዎች ይሄድ ነበር። ፈረንሳዮች አገሩን በጦር ያዙት፤ በተለይ አንጉልቫን የሚባለው ገዥ በ1908 ከተሾመ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለጉሮዎች እጅግ መራራ ነበሩ። መንደሮች ተቃጠሉ፣ ሰዎች ከያሉበት ተነሥተው በመንገድ ዳር እንዲሰፍሩ ተገደዱ። ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የሚታዩት ጥንታዊ የጉሮ ጭምብሎች ብዙዎቹ የወጡት በዚያው በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። የቀራጮቻቸውን ስም የጠየቀ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለው እንጨት ለአንድ ጉሮ ሰው ጭምብሉ አይደለም፤ የጭምብሉ ፊት ብቻ ነው። ጭምብል ሲሉ ፊቱን፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ሰውነትን የሚሸፍነውን ልብስ፣ ራፊያ ከሚባለው ዘንባባ የሚሠራውን ቃጫ፣ የቁርጭምጭሚቱን መንሿሿት፣ ከበሮውን፣ ዘፈኑን፣ ጨፋሪውንና ባለቤት የሆነውን ቤተሰብ አንድ ላይ ማለታቸው ነው። የራሱ ስም፣ የራሱ ጠባይና የራሱ ዘፈን አለው። እንጨቱ ቢሰበር ወይም በምስጥ ቢበላ ቀራጭ ሌላ ይሠራና ያው ጭምብል ይቀጥላል። ስለዚህ «የዚህ እንጨት ትርጉም ምንድን ነው?» ከማለት «ይህ ፊት የማን ነው? ሲወጣ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ዛምብሌ ነው። ዛምብሌ ወንድ ነው፤ ግማሹ የነብር፣ ግማሹ የድኩላ። ድኩላ ስል በኛ ደኖችና ቁጥቋጦዎች የምናውቀውን ያንኑ እንስሳ ነው፤ ጉሮዎች አገርም አለ። ረጅምና ቀጭን ፊት፣ ጥርሱ የሚታይ የነብር አፍ፣ ከላይ ወደ ኋላ የሚታጠፉ የድኩላ ቀንዶች አሉት። በጥሩ ቀራጭ እጅ የተሠራ ዛምብሌን ከጎን ይመልከቱት፦ ግንባሩ ጎበጥ ይልና ወደ አፍንጫው ሲወርድ ይጎደጉዳል፤ አፉ ደግሞ ወደ ፊት ይወጣል። ከአገጭ እስከ ቀንዱ ጫፍ ያለው መስመር አንድ ቦታ እንኳ አይቆራረጥም። ሁለት የማይገናኙ እንስሳት በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፣ ስፌታቸውም አይታይም። እኔ በጉሮ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የማደንቀው ነገር የለም።

ዛምብሌ ሲወጣ ጀርባው ላይ የነብር ቆዳ ይደረባል፤ ወገቡ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የራፊያ ቀሚስ ይታጠቃል። ሲጨፍር ፈጣንና ቁጡ ነው፣ የአውሬውም የመኳንንቱም ነገር አለበት። የሚወጣው ለታላላቅ ሰዎች ቀብርና በኋላ ለሚደረገው የሙት መታሰቢያ፣ ማለትም እኛ ተዝካር ለምንለው ዓይነት ድግስ ነው። ቤተሰቡ ዛምብሌን ከአባት ወደ ልጅ ያወርሰዋል፤ ዶሮና እንቁላል መሥዋዕት ያቀርብለታል። አዋቂ ዘንድ ሄዶ ምን እንደሚፈልግ የሚያስጠይቅም አለ። ችላ ከተባለ ቤተሰቡን ይጎዳል፣ ከተከበረ ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል።

ጉ የምትባለው ሚስቱ ናት። የእርሷ ፊት ንጹሕ የሰው ፊት ነው፦ ሞላላ፣ ግንባረ ሰፊ፣ ዓይኖቿ በግማሽ የተከደኑ፣ አፏ ትንሽ፣ ፀጉሯ በጥንቃቄ የተሠራ። ግንባሯ ላይ አንዳንዴ የንቅሳት ምልክቶች ይታያሉ፤ የፀጉሯ መስመር በጥርስ ጥርስ ይቀረጻል። እርጋታ ያለው አካሄድ ነው ያላት፤ ዛምብሌ እንደሚወረወረው አትወረወርም። የምትዘፈንላት ዜማም ባሏን የሚያወድስ ነው። ልብ ይበሉ፣ ጉንም ቢሆን የሚጨፍራት ወንድ ነው። በጉሮ ዘንድ ጭምብል ለብሶ መውጣት የወንዶች ሥራ ነው፤ የሴት ጭምብልም ቢሆን።

ሦስተኛው የጥንቱ ዛውሊ ነው፤ ስሙ ከርስዎ ጭምብል ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የሥነ ጥበብ ነጋዴዎች ጭምር። የጥንቱ ዛውሊ የዛምብሌ ወንድም ተብሎ የሚነገርለት፣ ጉንጩ የተነፋ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ቀንዳም፣ አስቀያሚና ረባሽ ጭምብል ነው። ዛምብሌ ልክና ሥርዓት ሲሆን እርሱ ከልክ ያለፈው ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ሲያዩአቸው ቤተሰብ ናቸው፦ ባል፣ ሚስት፣ እና የማይገራው ወንድም። ውበት ምን እንደሆነ ከአስቀያሚው ጋር በማቆም ያሳያሉ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚፈራው ጄ ነው። ጄ የወንዶች ማኅበር ጭምብል ሲሆን የተለያዩ የእንስሳት ራሶች አሉት። ሴቶች እንዲያዩት አይፈቀድም፤ ሲወጣ ቤት ገብተው በር ይዘጋሉ። በዚህ ጉዳይ ጉሮዎች ቀልድ አያውቁም። ጄ በመንደር መሐል ሕግ አስከባሪም ነበር፤ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ የሚጠራው እርሱ ነው። እንዲህ ያሉትን ጭምብሎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ ለማንም አላፊ አግዳሚ ማሳየት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር በቤተ መዘክር ባለሙያዎች መካከል አለ። እኔ በበኩሌ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ መታየት የለባቸውም ከሚሉት ወገን ነኝ። የርስዎ ጭምብል ጄ አይደለም፤ በዚህ እርግጠኛ ይሁኑ።

እንግዲህ የርስዎ ወገን የሆኑት እነ ፍላሊና ዛውሊ የመጡት ከእነዚህ በኋላ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ የግዳጅ ሥራው ካስቆዘመው ሕዝብ መሐል፣ በተለይ ለጭፈራና ለደስታ የሚወጡ ጭምብሎች በዙ። ወጣቶች አቋቋሟቸው፤ ከመንደር መንደር እየተፎካከሩ አስፋፏቸው። የጉን ለስላሳ የሴት ፊት ወሰዱና ከላዩ ላይ ትዕይንት ጨመሩበት፦ ወፍና እባብ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ሙቀጫ የምትወቅጥ ሴት፣ አንዳንዴም ዘመናዊ ሰው። ቀለሙም ከጥቁርና ከቡናማ ወጥቶ ደማቅ የፋብሪካ ቀለም ሆነ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዛውሊ በ1950ዎቹ ገደማ የተፈጠረ ሲሆን ሙሉ ስሙ ጄላ ሉ ዛውሊ ነው፤ የጄላ ልጅ ዛውሊ ማለት ነው። ለሴት ልጅ ውበት የቀረበ ውዳሴ ነው። ሰባት ዓይነት የዛውሊ ጭምብሎች አሉ፣ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ተረት አላቸው። ስለዚህ በርስዎ ጭምብል ላይ ያለችው ወፍና እባቧ ከአንድ የታወቀ ታሪክ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሆነ ግን ፎቶውን ሳላይ ልነግርዎ አልደፍርም። ወፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የመንቁሩ ቅርጽ፣ እባቡ የተያዘበት ቦታ ሁሉ ወሳኝ ነው።

ዛውሊን በሥዕል ካዩት ገና አላዩትም። ከበሮዎቹና ዋሽንቱ ይጀምራሉ። ጨፋሪው በደማቅ ክር የተሠራ ጠባብ ልብስ ለብሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወፍራም የራፊያ ቃጫ አስሮ፣ በሁለት እጁ ጭራ ይዞ ይገባል። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ እንደ ቆመ ሰው ጸጥ ይላል። እግሩ ግን መሬቱን ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ይመታል፣ ከዚያ ከበሮው በቆመበት ቅጽበት እርሱም ይቆማል። ከበሮ መቺው ሊያስተው ይሞክራል፣ ጨፋሪው አይስትም። ተመልካቹ የሚጮኸው ለዚያች ቅጽበት ነው። ያ የተረጋጋ የሴት ፊት ከላይ፣ ያ እሳት የሆነ እግር ከታች፤ ጭምብሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚጠፋው ይህ ነው። ጥሩ ጨፋሪ በአካባቢው ታዋቂ ሰው ነው፤ ለቀብር፣ ለበዓል፣ ለባለሥልጣን አቀባበል ይጠራል፣ ተመልካችም ገንዘብ ይሸልመዋል።

በ2017 ዩኔስኮ ዛውሊን የቡዋፍሌና የዙዌኑላ ጉሮዎች ሙዚቃና ጭፈራ ብሎ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ በ2013 መስቀል፣ በ2019 ጥምቀት የሰፈሩበት ያው መዝገብ ነው። መዝገቡ ያከበረው እንጨቱን ብቻ አይደለም። ቀራጩንም፣ ልብስ ሠሪውንም፣ ሙዚቀኛውንም፣ ጨፋሪውንም፣ ሥርዓቱን የሚጠብቁትን ሽማግሌዎችም በአንድነት ነው ያነሣው።

ስለ ዕድሜው ላስረዳዎ። ሻጮች ሁሉ የቆየ ነው ይላሉ። ቀለሙን አይመኑ፤ ነገር ግን ቀለሙ አዲስ ስለሆነ ብቻም ሐሰተኛ ነው ብለው አይደምድሙ። በመንደር የሚጨፈሩ ዛውሊዎች ለትልቅ በዓል ሲወጡ እንደገና ይቀባሉ። የሚመረመረው ጀርባው ነው። ጭምብሉን ከግድግዳ አውርደው ገልብጡት። በጠርዙ ዙሪያ ልብሱ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች አሉት? ካሉት ክር ወይም ገመድ እየሳበ ያለሰለሳቸው ናቸው ወይስ ትናንት የተበሱ ይመስላሉ? ግንባርና ጉንጭ የሚነኩት ቦታ በላብና በቆዳ ንክኪ ወዝቷል? ለጭፈራ የተሠራ ጭምብል ግድግዳው ስስ፣ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ሰው አንገቱ ላይ ተሸክሞት ስለሚጨፍር። ለገበያ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ወፍራምና ከባድ ነው። ዓይኖቹ ላይ ያለው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ዘልቋል? ፊትዎ ላይ ቢያደርጉት ያያሉ? ካላዩበት ማንም አልጨፈረበትም። ጀርባው በሙሉ እኩል የጠቆረ፣ የጫማ ቀለም ወይም የጭስ ሽታ ያለው ከሆነ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ ተደርጎ ይሆናል፤ እውነተኛ አገልግሎት አንድ ቦታ ያለሰልሳል፣ ሌላ ቦታ ሳይነካ ይተወዋል።

ሌላው ሊጣራ የሚገባው ጉሮ ነው ወይስ የጎረቤት የሚለው ነው። ባውሌዎች፣ በመካከል ያሉት ያውሬዎችና ጉሮዎች እርስ በርስ ተዋሕደው ስለኖሩ ፊቶቻቸው ይመሳሰላሉ። የያውሬ ጭምብል ፊቱን ዙሪያውን የሚከብ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝ ይኖረዋል። የባውሌ ፊት ሰፋና ገር ይላል። የጉሮው ጠበብ ብሎ ይረዝማል፤ ከጎን ሲታይም ያ ስለ ዛምብሌ የነገርኩዎት መስመር አለው።

ለገበያ የተሠራ ሆኖ ከተገኘ አይዘኑበት። የሚሸጡትን የሚቀርጹት ብዙ ጊዜ ለመንደር የሚቀርጹት እነዚያው እጆች ናቸው። ቀራጩ ገና ርጥብ የሆነ ቀላል እንጨት መርጦ በአነስተኛ መጥረቢያ ይጠርበዋል፣ በቢላ ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ያለሰልሰዋል። ከጉሮ ታላላቅ ቀራጮች አንዱ የቲቤይታው ሳቡ ቢ ቦቲ ነው፤ እርሱ ስሙ ተመዝግቦለታል። ከእርሱ በፊት የነበረ አንድ ታላቅ እጅ ግን ስሙ ስለጠፋ አጥኚዎች «የቡዋፍሌው መምህር» ብለው ይጠሩታል። ሥራውን ከሌሎች የሚለዩት በፊቱ አቀራረጽ ብቻ ነው። በዙሪክ የሚገኘው የሪትበርግ ቤተ መዘክር ሰዎች ኤበርሃርድ ፊሸርና ሎሬንዝ ሆምበርገር ለረጅም ዓመታት ይህንን የቀራጮችን ማንነት የመለየት ሥራ ሠርተዋል፤ በዚህም ውለታቸው ትልቅ ነው። «የአፍሪካ ጥበብ ስም የለሽ ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ጭምብሉን የገዛው ሰው ስላልጠየቀ ነው፤ መንደሩ ግን ቀራጩን ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ጣሊያናዊው ሠዓሊና ቀራጭ ሞዲልያኒ በ1911 ገደማ ፓሪስ ውስጥ የቀረጻቸውን ረዣዥም የድንጋይ ራሶች ብዙ ጸሐፊዎች ከባውሌና ከጉሮ ፊቶች ጋር ያያይዟቸዋል። የሞዲልያኒ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ አርአያ የሆኑት ሰዎች ስም ግን የለም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

በነገራችን ላይ ለሽመና ወዳጆች አንድ ነገር ላንሣ። የጉሮ ሸማኔ ክሩ የሚንጠለጠልበትን ትንሽ የእንጨት መዘውር እንኳ ያለ ፊት አይተወውም፤ አናቱ ላይ የጣት ያህል የምታክል የሴት ራስ ወይም የእንስሳ ራስ ያስቀርጻል። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ የምትንጠለጠለው እርሷ ናት። ለዚህ የተቀደሰ ትርጉም መፈለግ አያሻም፤ ቆንጆ ነገር እያዩ መሥራት ስለሚወዱ ነው።

ወደ እናትዎ ጥያቄ ልምጣ። እርሳቸው የሚጠይቁት ጉዳይ ለጉሮዎችም ባዕድ አይደለም። ዛሬ ከጉሮዎች ብዙዎቹ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ናቸው። ጭምብሉን የአያቶቼ ቅርስ ነው ብሎ የሚጨፍር ክርስቲያን አለ፤ ከእምነቴ ጋር አይሄድም ብሎ የራቀም አለ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ይኖራሉ። በእምነት ረገድ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ንስሐ አባትዎ ይንገሩዎ፤ እኔ ልነግርዎ የምችለው ስለ ዕቃው ነው። ጣዖት የሚለው ቃል የሚሰገድለትን ነገር የሚያመለክት ከሆነ፣ አዲሱ ዛውሊ አይሰገድለትም። ዛምብሌና ጄ መሥዋዕት ይቀርብላቸዋል፤ እዚያም ቢሆን ዶሮው የሚታረደው ከእንጨቱ ጋር ላለው ኃይልና ለቤተሰቡ ጠባቂ ነው እንጂ እንጨቱ ራሱ አምላክ ነው ተብሎ አይደለም። ለገበያ ተቀርጾ አቢጃን የተሸጠ ፊት ደግሞ ባለቤት ቤተሰብ የለውም፣ ዘፈን የለውም፣ መሥዋዕት አላየም። ይህንን ለእናትዎ በእርጋታ ያስረዱ። ካስረዱ በኋላም ልባቸው ካልረጋ፣ እርሳቸው ሲመጡ ከሚያርፉበት ክፍል ወደ ሌላ ያዛውሩት። የእናት ቅሬታ እየታየ ጌጥ ነው ብሎ መሟገት አይመከርም።

በመጨረሻ ስለ አያያዙ። አቢጃን እርጥብ አየር ነው፤ አዲስ አበባ በበጋ ደረቅ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከማሞቂያ ያርቁት። ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም የዕቃ መወልወያ አይቀቡት፤ ቀለሙን ያላቅቀዋል፣ አቧራም ይይዛል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ከሥሩ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ካዩ ነቀዝ ገብቶበታል ማለት ነው፤ መድኃኒት አይርጩበት። በወፍራም ፕላስቲክ አየር ሳያስገባ በደንብ ጠቅልለው፣ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡት። ሲያወጡት ፕላስቲኩን ወዲያው አይፍቱ፤ አንድ ሙሉ ቀን ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስማማ ይቆይ፣ አለበለዚያ ጤዛው ቀለሙን ያበላሸዋል። የጭምብሉን ፎቶ ከፊት፣ ከሁለቱ ጎኖችና ከጀርባ በቀን ብርሃን አንሥተው ይላኩልኝ፤ የወፏን መንቁር በተለይ አቅርበው ያንሡልኝ።